ተረቱ በሩን ሲያጣ፦ ማምለጫ ስለሌላቸው አጫጭር ትረካዎች

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአንድ አየር ወደ ሌላው ይሻገራል። ከላይ ብርድና ጭጋግ፣ የገብስ ማሳና የጓሳ ሣር ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል ደግሞ ሙቀት፣ ማሽላና ግራር ይቀበሉታል። ጣልያን በወረራው ዘመን የመኪና መንገድ ከገደሉ ላይ ከመጥረቡ በፊት፣ ጎንደርን ከምጽዋ ወደብ ጋር ያገናኝ የነበረው የሲራራ መንገድ በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር። ጨርቅ፣ መሣሪያና አሞሌ ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው።

መንገድ ሸቀጥ እንደሚያመላልስ ሁሉ ወሬና ተረትም ያመላልሳል። ከአቀበቱ ግርጌ የሰፈረ ነጋዴ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ በቅሎዎቹን በእሳቱ ዙሪያ አስሮ፣ የጅብ ድምፅ እየሰማ ሌሊቱን ሲገፋ፣ ረጅም ታሪክ አይስማማውም፤ ጎሕ ሳይቀድ ጉዞ አለና። የሚስማማው በአንድ ትንፋሽ ተጀምሮ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ፣ ሲያልቅም አድማጩን ዝም የሚያሰኝ ትረካ ነው።

ከእነዚህ ትረካዎች መካከል አንዱ ወገን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አንድ ሰው ሞት ወይም ጥፋት እንደሚመጣበት ይሰማል፤ ይሸሻል፣ ይሸሸጋል፣ ይከላከላል፤ በመጨረሻም የሸሸበት መንገድ ራሱ ከሸሸው ነገር ደጃፍ ያደርሰዋል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ብሂል የዚህ ሁሉ ትረካ ማጠቃለያ ነው። እንዲህ ያለው ትረካ በየዘመኑና በየአገሩ ስለምን ተወደደ? አድማጩስ ምን ያተርፍበታል? ዕጣን አሜን ብሎ መቀበልን ያስተምራልን? ወይስ ሌላ ትምህርት አለው? ጥያቄው ለሥነ ቃል ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። ልጆችን የሚያስተምር፣ ለመድረክ የሚጽፍ፣ በሕዝብ መካከል የባህል ሥራ የሚሠራ ሁሉ ሊመልሰው ይገባል። የሰሜን ጎንደር አገር ደግሞ ለመልሱ የሚሆን ብዙ ማስረጃ አለው።

የሙሴ መቃብር

ከሊማሊሞ በላይ ያለው የሰሜንና የወገራ ደጋ፣ ወረድ ሲልም ደምቢያ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበር። ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡት ቀሳውስቶቻቸውና መነኮሳታቸው ካቆዩአቸው መጻሕፍት አንዱ «ሞተ ሙሴ» ይባላል። ያዕቆብ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1906 በፓሪስ አሳትሞታል፤ ቮልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው የቤተ እስራኤል ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትርጉም አካቶታል።

ትረካው አጭር ነው። ሙሴ የሚሞተው በዕለተ ዓርብ መሆኑ ተነግሮታል፤ የትኛው ዓርብ እንደሆነ ግን አያውቅም። ከዕለታት አንድ ቀን መልአከ ሞት በሰው አምሳል ይመጣበታል። ሙሴ ይደነግጣል፤ ቤተሰቡንም ሊሰናበት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ሦስት ጎልማሶች መቃብር ሲቆፍሩ ያገኛል። የማን መቃብር እንደሆነ ይጠይቃል፤ የእግዚአብሔር ወዳጅ ለሆነ ሰው ነው ይሉታል። እንዲህ ከሆነማ ላግዛችሁ ብሎ አብሮአቸው ይቆፍራል። ሥራው ሲያልቅ፣ ሟቹ ቁመቱ እንዳንተ ነውና ልኩን እንድናይ እስቲ ግባበት ይሉታል። ሙሴም ይገባል። መልአከ ሞት ከመቃብሩ ውስጥ ሆኖ ሰላምታ ይሰጠዋል።

በዚህ ትረካ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ደም የለም፤ ጩኸትም የለም። ይሁንና ሰምቶት የሚረሳው ሰው አይገኝም። ኃይሉ የሚመነጨው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አድማጩ የመቃብሩን ባለቤት ከሙሴ በፊት ያውቀዋል። ሙሴ ዶማውን ባነሣ ቁጥር አድማጩ «ተው!» ሊለው ይቃጣዋል፤ ነገር ግን ድምፁ ወደ ትረካው ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ባሕር የከፈለው እጅ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ። ሙሴን ወደ ጉድጓዱ ያስገባው ሞኝነት ወይም ኃጢአት አይደለም፤ ሰው የማገዝ በጎነቱ ነው። እንግዲህ የተረቱ ጥበብ የሰውዬውን ፍጻሜ ከውጭ ሳያመጣ ከራሱ ጠባይ ውስጥ ማውጣቱ ነው።

በተጨማሪም ትረካው ለተራው አድማጭ የሚሰጠው መጽናኛ አለ። ሞት ለሙሴ እንኳ አልቀረም፤ በፊቱ ነቢይና እረኛ፣ መስፍንና ጭሰኛ እኩል ናቸው። ርስትና ሹመት ሰውን ከሰው በሚያበላልጡበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዘመዶቹ

የዚህ ትረካ ዘመዶች በሩቅም በቅርብም ይገኛሉ። በባቢሎን ታልሙድ ሱካ በተባለው ክፍል ውስጥ ሰፍሮ የሚገኘው አንዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትኩረት አለው፤ ሟቾቹ ሁለት ኩሻውያን ናቸውና። ኤሊሖሬፍና አኪያ የሰሎሞን ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ስማቸው በመጽሐፈ ነገሥትም ተጠቅሷል። አንድ ቀን ሰሎሞን መልአከ ሞትን አዝኖ ያየዋል። ምን ሆነሃል ቢለው፣ እነዚህን ሁለቱን አምጣ ተባልሁ ይለዋል። ንጉሡም ሊያድናቸው ብሎ መልአከ ሞት ሥልጣን የለውም ወደሚባልባት ወደ ሎዛ ከተማ ይልካቸዋል። እነሱም ሎዛ እንደ ደረሱ ይሞታሉ። በማግሥቱ መልአከ ሞት ፊቱ ፈክቶ ይታያል። ነፍሳቸውን እንዲቀበል የታዘዘው ከዚያው ከሎዛ ነበርና ንጉሡ ራሱ ሥራውን አቃለለለት። ከብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዛዊው ሶመርሴት ሞም እ.ኤ.አ. በ1933 በጻፈው «ሼፒ» በተባለ ተውኔት ውስጥ ከባግዳድ ወደ ሰማራ የሸሸውን አሽከር ያመጣው የዚህኑ ትረካ ሌላ መልክ በመከተል ነው።

ሌላው ዘመድ በግእዝ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ይገኛል። ከየመን መጥቶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሰው አባ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ «በራላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ታሪኩ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ነው። በውስጡ ባለአንድ ቀንድ አውሬ ስላባረረው ሰው የሚተርክ ምሳሌ አለ። ሰውዬው እየሸሸ ከጉድጓድ ይወድቅና የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ቁልቁል ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ወደ ዛፉ ሥር ቢያይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ሥሩን ይቆረጥማሉ። በዚያች ሰዓት ከቅርንጫፉ ላይ የማር ጠብታ ያያል፤ አውሬውን፣ ዘንዶውንና አይጦቹን ረስቶ ማሩን ይልሳል። አውሬው ሞት ነው፤ ሁለቱ አይጦች ቀንና ሌሊት ናቸው።

ሦስቱ ትረካዎች በሦስት መንገድ ይሠራሉ። የሙሴው በጎነትን ወደ መቃብር ያደርሳል፤ የሰሎሞኑ ጥበብን ከንቱ ያደርጋል፤ የጉድጓዱ ደግሞ ጣፋጩን ነገር ያሳፍራል። አንድ የሚያደርጋቸው አጭርነታቸው ነው። ማምለጫ የሌለው ትረካ ከረዘመ ይሞታል። ሰውዬው ብዙ ቀን ከኖረ ሌላ ሐሳብ ያስባል፣ ወዳጅ ያገኛል፣ ምክር ይሰማል፤ በመካከሉም ማምለጫ ይገኛል። አጭርነቱ ግድግዳው ነው። ስለዚህም ነው ሼክስፒር በማክቤዝ ትንቢቱን አምስት ገቢር ሲያስሮጥ፣ ጥፋቱ እንዳይላላ በየምዕራፉ ጀግናው በገዛ እጁ አዲስ ደም እንዲያፈስ ያደረገው። ተውኔቱን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሁሉ ጠንቋዮቹ ማክቤዝን ግደል እንዳላሉት ያስታውሳል፤ ንጉሥ ትሆናለህ አሉት እንጂ፣ ጩቤውን ያነሣው ራሱ ነው።

የሥዕል መጽሔቶቹ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህ ጥንታዊ ትረካ ከቶ ባልታሰበ ስፍራ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ኢ.ሲ. የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት በተከታታይ ሥዕል የሚተርኩ ርካሽ የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶችን ለገበያ አቀረበ። ባለቤቱ ዊልያም ጌይንስ፣ ዋና ደራሲውና አዘጋጁ አል ፌልድስታይን ነበሩ። እያንዳንዱ ታሪክ ከስድስት እስከ ስምንት ገጽ ያህል ነው። ባል ሚስቱን ይገድላል፤ ሸሪክ ሸሪኩን ይከዳል፤ ስስታም ሀብታም የድሃውን ቤት ያፈርሳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግፈኛው በግፉ ልክ ይመዘናል፤ የቀበረው ተነሥቶ ይመጣበታል፣ ወይም ለሌላው ባዘጋጀው ወጥመድ ራሱ ይያዛል። ዘመኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአቶም ቦምብ ፍርሃት የነገሠበት ነበር። ለአንባቢው፣ በተለይም ለወጣቱ፣ ትልቁ ፍርሃት ስም አልነበረውም፤ በስድስት ገጽ ውስጥ ፊት ያለው፣ ምክንያት ያለው፣ ልክ ያለው ፍርሃት ማግኘት እረፍት ነበር።

የእነዚህ መጽሔቶች አንድ ልማድ ሊስተዋል ይገባል። ታሪኩ በቀጥታ አይጀምርም። የመቃብር ቤት ጠባቂ የተባለ አንድ የተጨማደደ ሽማግሌ ብቅ ብሎ አንባቢውን እየቀለደ ይቀበላል፤ ታሪኩ ሲያልቅም ተመልሶ በቀልድ ያሰናብታል። ይህ ሽማግሌ ለአማርኛ አድማጭ እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል መልስ ሳይሰማ የሚጀምር ተረት የለም፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳይባልም አያልቅም። የመጀመሪያው ቃል የተረቱን በር ይከፍታል፤ የመጨረሻው ይዘጋዋል። በመካከሉ ጅብ ሰው ቢበላ፣ እናት ልጅዋን ብትረሳ፣ ዘንዶ ከተማ ቢውጥ፣ ልጆቹ ከበሩ ሲወጡ ዓለም በቦታዋ ናት። አፍ በዳቦ ይታበሳል፤ ወደ መኝታም ይኬዳል።

የአሜሪካ ባለሥልጣናት ይህን በር አላዩም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርትሃም እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መጽሐፍ የሥዕል መጽሔቶች ወጣቶችን ለወንጀል እንደሚዳርጉ ከሰሰ። በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጌይንስን አስቀርቦ የተቆረጠ የሴት ራስ የሚታይበትን የመጽሔት ሽፋን እያሳየ ጠየቀው። አሳታሚዎቹም የባሰ እንዳይመጣ ፈርተው በራሳቸው ላይ የሥነ ሥርዓት ደንብ አወጡ። ደንቡ በመጽሔት አርእስት ላይ አስፈሪነትን የሚገልጹ ቃላትን ከለከለ፤ ክፉ ሥራ ሁልጊዜ እንዲቀጣም አዘዘ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኢ.ሲ. አስፈሪ መጽሔቶች ተዘጉ። የሚያስገርመው ግን እነዚያ የተዘጉ ታሪኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ክፉውን ይቀጡ የነበሩ መሆናቸው ነው። በእርግጥ ሥዕሎቹ ጭካኔ የበዛባቸው ነበሩ፤ ለትንሽ ልጅም ተገቢ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ከሳሾቹ የጠየቁት ምን ተሣለ ብለው እንጂ ማን ምን ለማን በምን በር ይተርካል ብለው አልነበረም።

በሥዕል አስፈሪ ታሪክ መተረክ ለጎንደርም አዲስ አልነበረም። በጎንደር ዘመን በሥዕል የተዋቡት የተአምረ ማርያም መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ታሪክን በተከታታይ ክፍል ከፍለው ያሳያሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው በላዔ ሰብእ ነው፤ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላ። ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ለመጥፋቷ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ለተጠማ ለምጻም በማርያም ስም የሰጣት አንድ እፍኝ ውሃ ሚዛኑን ትደፋዋለች። ምንም ማምለጫ የሌለው በሚመስለው ታሪክ ውስጥ አንዲት ስንጥቅ ተተወች። ሠዓሊው ሰው በላውንም ሚዛኑንም በአንድ ግድግዳ ላይ አስቀምጦ ያሳየው ፍርሃቱንና ተስፋውን አንዱን ከሌላው እንዳይለይ ነው።

ቤተ መንግሥቱ

ተረት በሩን ሲያጣ ምን እንደሚሆን የጎንደር ቤተ መንግሥት ታሪክ ያሳያል። ትንቢት ማለት መዝጊያ ቃል ያልተነገረለት ተረት ነው፤ የሰማው ሰው ወደ ኑሮው ይዞት ይገባልና።

ብሩስ ስለ አፄ በካፋ የሰማውን አንድ ታሪክ መዝግቧል። ከበካፋ በኋላ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል 30 ዓመት ትገዛለች የሚል ትንቢት ለንጉሡ ይደርሰዋል። ንጉሡ በዚህ ስም ይጨነቃል፤ የስሙንም ባለቤት አጥብቆ ይፈልጋል። በመጨረሻ ግን ወለተ ጊዮርጊስ የገዛ ሚስቱ የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስም ሆኖ ይገኛል። ትንቢቱ እንደ ተነገረ ይሁን ወይም በኋላ የተሰካ፣ ታሪኩ ከዕውነቱ ጋር ገጥሟል። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ምንትዋብ በልጅዋ በዳግማዊ ኢያሱና በልጅ ልጅዋ በኢዮአስ ዘመን ከ30 ዓመት በላይ ሥልጣን ይዛ ኖረች። ሕዝቡ ይህን ታሪክ የወደደው ንጉሥ በአገሩ ሁሉ ጠላት ሲፈልግ በቤቱ ያለውን እንዳላወቀ ስለሚያሳይ ነው።

የምንትዋብም ቤት ከዚህ አላመለጠም። አፄ ኢዮአስ በእናቱ ወገኖችና በአያቱ ወገኖች መካከል የተነሣው ሽኩቻ ቢያስጨንቀው፣ ያበርድልኛል ብሎ የትግራዩን ስሁል ሚካኤልን ጠራ። ሚካኤል መጣ፤ ሽኩቻውንም ቤተ መንግሥቱንም በእጁ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1769 የጠራውን ንጉሥ አሳንቆ አስገደለ። የዘመነ መሳፍንት ደጃፍ በዚህ ተከፈተ።

ዘመነ መሳፍንት የተዘጋውም በሌላ እንዲህ ባለ ታሪክ ነው። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በሰሜን ተራሮች መካከል የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ሊነግሥበት ያሰበው በዚያ ነበር። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጣም እሱ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረገው። በጥቂት ቀናት ውስጥም ውቤ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው ጳጳስ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ይህን ታሪክ ደራሲ ቢፈጥረው ልክ አልፏል ይባል ነበር። ዛሬም ወደ ደረስጌ የሚወጣ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሲያይ ድግሱን ደግሶ ወንበሩን ለሌላ የለቀቀውን ሰው ያስባል።

አሸናፊው ደግሞ የራሱን ተረት ይዞ ወጣ። በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ 40 ዓመት በጽድቅ ይገዛል የሚለውን ትንቢት ካሣ በስሙ ላይ ጫነው። ስሙ ብርታት ሰጠው፤ የተበተነውን አገር ለማሰባሰብም ረዳው። ነገር ግን ትንቢት የለበሰ ሰው ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። የነገሠው 13 ዓመት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ በእንግሊዝ ጦር ተከቦ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚታየው ዕጣን አሜን ብሎ መቀበል አይደለም። ንጉሥን ከስሶ የሚያቆምበት ችሎት ያልነበረው ሕዝብ ፍርዱን በተረት ሰጠ። ማንም ሳይነካቸው፣ ራሳቸው በጠሩት፣ ራሳቸው ባሠሩት፣ ራሳቸው በለበሱት ነገር ተያዙ ብሎ ተረከ። «ክፉ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለባላባቱም ለባላገሩም በእኩል ይነገር ነበር።

ጅቡና ጠይቡ

ይሁንና በዚሁ አገር በሩ ፈጽሞ ያልተዘጋ ሌላ ተረት ነበረ፤ ያለፈበትም ሰው ብዙ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቤተ እስራኤል ርስታቸውን ያጡት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ነው። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸመኑ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ በጎንደር አጠገብ እንዳለችው ወለቃ ባሉ መንደሮች ሸክላ ሠሩ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻ ያለ ጠይብ አይገኝም። ነገር ግን ገበሬው ቀን ማረሻውን ያሠራው ጠይብ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ተነገረ። ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ መቃብር ይከፍታል ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ሲገደል ስለመታየቱ የሚነገረውን ወሬ ሳይቀር በመጽሐፉ አስፍሮታል።

ይህ ታሪክ ከሌሎቹ በምን ይለያል? አስፈሪነቱ ከሌሎቹ አይበልጥም። ማምለጫ የለውም፤ በዚህም ከነሱ ጋር አንድ ነው። የሚለየው «ተረት ተረት» ተብሎ ባለመጀመሩ ነው። «ትናንት ማታ፣ እገሌ መንደር፣ የእገሌ ልጅ ታሞ» ተብሎ ይጀመራል። የሚያልቀውም አፍ በዳቦ በማበስ ሳይሆን ጎረቤትን በማግለል፣ አንዳንዴም ደም በማፍሰስ ነው። በሙሴ ትረካ ውስጥ ያለው መቃብር የሁሉም መቃብር ነው፤ በጅቡ ተረት ውስጥ ያለው ጥፋት ግን በአንድ ወገን ትከሻ ላይ የተጫነ ነው። ልጅ ሲሞት ምክንያቱ ወባ ወይም ፈንጣጣ መሆኑን ያላወቀ ሰው ለፍርሃቱ ፊት ፈለገለት፤ ያገኘውም የድሃውን፣ የመሬት አልባውን፣ የሌላ እምነት ተከታዩን ፊት ነው። አንጥረኛውን ከብረቱ፣ ሸክላ ሠሪዋን ከጭቃዋ ጋር ያስናቀው ይኸው በር ያጣ ተረት ነው። አገሪቱ ለእጅ ጥበብ የነበራትን ንቀት ለመረዳት የሚሻ ሰው ከጅቡ ተረት ሊጀምር ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ መሬት የማግኘት መብት በሕግ ለሁሉ ሆነ፤ የጅቡ ተረት ግን በአዋጅ አልፈረሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤተ እስራኤል ደጋውን እየለቀቁ ወጡ። ብዙ ሺህ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር በረሃብና በበሽታ ያለቁት ብዙ ናቸው። የተረፉት በ1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። የመጀመሪያው ዘመቻ በሙሴ፣ ሁለተኛው በሰሎሞን ስም ተጠርቷል። በሁለቱ ተረቶች ውስጥ የሸሸ ሰው ወደ ሞቱ ይደርሳል። በሕይወት ግን ሸሽተው ከሞቱት ጋር ሸሽተው የዳኑም ነበሩ። ማምለጫ የሌለው ተረቱ ነው፤ ዓለም አይደለችም። ተረቱን የዘጋው ተራኪው ነውና ጥበቡ በተራኪው እጅ ሊቀር ይገባል።

ለመምህሩና ለደራሲው

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አስፈሪ ተረት ይታገድ የሚል አይደለም። እገዳ ምን እንደሚያመጣ የአሜሪካው ደንብ አሳይቷል። መምህሩ «ሞተ ሙሴ»ንም የጉድጓዱንም ሰው በክፍሉ ሊያነብ ይገባዋል፤ እነዚህ በዚህ አገር ቋንቋ የተጻፉ፣ በዚህ አገር ሰዎች የተጠበቁ ቅርሶች ናቸውና። ሲያነብ ግን በሩን ይክፈት፤ ሲጨርስም ይዝጋ። በመካከሉ ተማሪዎቹን ይጠይቅ፦ ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው? ሰውዬው የት ላይ ሊመለስ ይችል ነበር? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ዕጣን አሜን ብሎ አይቀበልም፤ የምክንያትንና የውጤትን ሰንሰለት መፈለግን ይማራል።

ደራሲውም ለመድረክ ወይም ለሥዕል ሲጽፍ ጥፋቱን ከሰውዬው እጅ ያውጣ እንጂ ከጎረቤቱ ዘር፣ ሃይማኖት ወይም ሙያ አያውጣ። አስፈሪ ታሪክ ለማን እንደሚፈርድ የሚታወቀው በዚህ ነው። የውቤን ቤተ ክርስቲያን የሚተርክ ሰው በኃያሉ ትዕቢት ላይ ይፈርዳል፤ የጅቡን ተረት የሚደግም ሰው ግን አቅም በሌለው ላይ ይፈርዳል።

በሊማሊሞ ቁልቁለት ዛሬ የሲራራ ነጋዴ ፋንታ የጭነት መኪና ይወርዳል። ሾፌርና ረዳቱ ዛሪማ ላይ ቆመው ፍሬናቸውን ሲያበርዱ የሚያወጉት ከጥንቱ ብዙ አይርቅም፤ ገደሉን ፈርቶ ቀስ ሲል ከኋላ የተመታውን፣ ተሳፋሪ ጠግቦ ተመለስ ሲሉት እንቢ ብሎ የቀረውን ያወጋሉ። ወሬው ሲያልቅ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ዝም ይላል። ከዚያም ሞተር ይነሣል፤ አቀበቱም ይጀመራል።